የነጂማን ዛፍ ያቃናሁ ጊዜ

ጡረታ ወጣሁ ስል ሰው ሁሉ «ከወደብ ነው ከባቡር?» ይለኛል። ጅቡቲ ውስጥ ያረጀ የድሬዳዋ ሰው ከሁለቱ ካንዱ መውጣት አለበት መሰለኝ። «ከዛፍ ነው የወጣሁት» እላቸዋለሁ። እውነቴን ነው። የመጨረሻዎቹን አሥራ ሦስት ዓመታት የኖርኩት በብረት ዛፍ ነው። ቅጠል የሌለው፣ ፍሬ የማያፈራ፣ ጥላው ለአንድ ድመት እንኳ የማይበቃ ዛፍ። ያም ሆኖ እንደዚያ ዘመን የተደሰትኩበት ሥራ የለም።

ያስወጣኝ ዓይኔ ነው። ሐኪሙ ሁለቱንም ዓይኔን በባትሪ ሲያይ ቆየና «ስንት ዓመት በየድክ?» አለኝ። «አርባ ይሞላል» አልኩት። «እንግዲህ ይበቃሃል፤ የቀረህን ብርሃን የልጅ ልጆችህን እይበት» አለኝ። ሐኪም እንዲህ አሳምሮ ሲናገር ነገሩ የምር ነው ማለት ነው። የብየዳ ማስኬን ሰቅዬ ቤት መዋል ጀመርኩ። በሦስተኛው ሳምንት ባለቤቴ ዘሃራ የማድ ቤቱን መደርደሪያ ለሁለተኛ ጊዜ ፈትቼ ስገጥም አገኘችኝና ደብተር ገዝታ ሰጠችኝ። «አቦ፣ የምትበይደውን እዚህ ላይ በይድ፤ እኔን ተወኝ» አለችኝ። ይኸው እየበየድኩ ነው።

ሙያውን ያስተማሩኝ አው ዩሱፍ ናቸው። የሐረር ሰው ነበሩ፤ እዚያ ትልቅ ሰው «አው» ተብሎ ነው የሚጠራው። ራስ ዲካ፣ አሮጌው ወደብ አጠገብ፣ ሁለት መኪና የማታስገባ ጋራዥ ነበረቻቸው። እኔ ከድሬ በባቡር ስመጣ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው፤ በአንድ ቀን በያጅ የምሆን መስሎኝ ነበር። አው ዩሱፍ ግን የሰጡኝ ባልዲ ነው። ሦስት ወር ሙሉ ብረት አጠብኩ። ባሕር ዳር ያደረ ብረት በጨው ይሸፈናል፤ ለዓይን ባይታይም አለ። በንጹሕ ውኃ ታጥቦ፣ ተወልውሎ፣ ፀሐይ ላይ ካልደረቀ ብየዳው ውስጡ ቀዳዳ ይሆናል። «ጨው ላይ ከበየድክ ብረቱ ይስቅብሃል፤ ባለቤቱ ግን አይስቅም» ይሉኝ ነበር። የብየዳ ኤሌክትሮዱን ደግሞ የሚያስቀምጡት በሞተ ፍሪጅ ውስጥ ነው። እርጥበት እንዳይገባው ፍሪጁ ውስጥ አምፖል አብርተው ይዘጉታል። ሙቀት ያንገላታው ደንበኛ ቀዝቃዛ ውኃ ሊጠጣ ፍሪጁን ይከፍትና እሳት የሚተፋ ግለት ፊቱን ይለበልበዋል። አው ዩሱፍ ይሄን ለማየት ሲሉ ማስጠንቀቂያ አይናገሩም ነበር።

አንድ ሌላ ልማድም ነበራቸው። ሌላ ሰው የሠራው ብረት ለጥገና ሲመጣ ወዲያው አይነኩትም። አንድ ብርጭቆ ሻይ ያስመጡና ብረቱ ፊት በርጩማ ላይ ይቀመጣሉ፤ ሻዩ እስኪያልቅ ዝም ብለው ያዩታል። መዶሻ የሚያነሱት ከዚያ በኋላ ነው። «ምን እያዩ ነው?» ብዬ ጠየቅኳቸው አንድ ቀን።

«ሰውዬውን» አሉኝ። «ብየዳ የእጅ ጽሕፈት ነው። ምን ሊል እንደፈለገ ሳታነብ አትሰርዝበት።»

እኔ በዚያ ዕድሜ ያየሁት ሻዩን ብቻ ነው። ሽማግሌው ሻይ ይወዳሉ ብዬ አለፍኩት። ዘጠኝ ዓመት አብሬያቸው ሠራሁ፤ ከዚያ እግራቸው ሲደክም ልጆቻቸው ወደ ሐረር ወሰዷቸው፤ ጋራዧም ተዘጋች።

ቀጥዬ የገባሁት ከከተማው ወጣ ብሎ፣ የኢትዮጵያ የጭነት መኪኖች በሚያድሩበት ሰፈር ያለ ጋራዥ ነው። አለቃችንን ቪት-ቪት ነበር የምንለው፤ በፈረንሳይኛ ቶሎ ቶሎ ማለት ነው፤ ሌላ ቃል ከአፉ ሲወጣ ብዙም አልሰማንም። ስለ ደሞዙና ስለ መኖሪያ ፈቃዱ ወረፋ ብጽፍ ደብተሩ ያልቅብኛል፤ ይለፈን። አሥራ ስምንት ዓመት የተሳቢ ሻንሲ በየድኩ፣ የኮንቴይነር በር አቃናሁ፣ አንድ ጊዜ የመኪና ባሌስትራ ተፈናጥሮ አፍንጫዬን ሰበረው። በመንገዱ ላይ ግን ስም አወጣሁ። ሾፌሮቹ «የኡስማን ብየዳ በውኃ ልክ ቢለካ አያፍርም» ይሉ ነበር። እውነት ነው፤ የኔ መስመር ቀጥ ያለ ነው፤ በእጅ ቢዳሰስ መገጣጠሚያው አይታወቅም። በዚህ እኮራ ነበር። ኩራት ደግሞ ዞሮ ዞሮ ሂሳቡን ያመጣል።

ነጂማ የመጣችው እዚያ እያለሁ ነው። ሠላሳ ዓመት ገደማ የሆናት፣ እጇ ሁሉ ቀለም የነካው ሴት፣ ወርቅ እንደያዘች የወረቀት ጥቅል አቅፋ ከተሳቢዎቹ መካከል ብቅ አለች።

«በያጁ ኡስማን አንተ ነህ?» አለችኝ ጥርት ባለ የድሬ አማርኛ። የድሬ ልጅ አንቱታ አይወድም፤ ጅቡቲ ቢወለድም ያው ነው። አባቷ ሐጂ ያህያ ካርቲየ ሰባት ሰፈር ውስጥ የጨርቅ ሱቅ ያላቸው፣ ሁላችንም የምናውቃቸው ነጋዴ ናቸው።

ወረቀቱን የመኪና ኮፈን ላይ ዘረጋችው። መስመር ከመስመር ይወጣል፣ ይጠማዘዛል፣ ይቆረጣል፣ እንደገና ይጀምራል። የኤሌክትሪክ ዝርጋታ መሰለኝ።

«ይሄ ምንድነው? ዛፍ ነው ከተማ?»

«ሁለቱም።»

«ሁለቱም የሚባል ነገር የለም፤ ምን ይሠራል? በር ነው? አጥር ነው?»

«ይቆማል።»

«ቆሞስ?»

«ታየዋለህ» አለችኝና ሳቀች። አጠገባችን ጎማ ሲቀይር የነበረ የአዳማ ሾፌር ቀና ብሎ አየና «አንቴና ነው፤ ስንት ጣቢያ ይስባል?» አላት። «ከተሠራ በኋላ እንቆጥራለን» አለችው። ወደድኳት። በሙያው ሲሳቅበት የማይኮሳተር ሰው እወዳለሁ።

በመጀመሪያ የምሄድላት ከሰዓት በኋላ ነበር። ቀትር ላይ ጫት ሲገባ ከተማው ሥራውን ጥሎ ይቀመጣል፤ እኔ ስለማልቅም ጊዜ ነበረኝ። የምትሠራው ራስ ዲካ፣ በአባቷ አሮጌ መጋዘን ውስጥ ነው። ግድግዳው በሥዕል ተሞልቷል፤ አንዱም ሥዕል ሰው የለበትም፣ ቤት የለበትም። አረንጓዴ አለ፣ የዝገት ቀለም አለ፣ ነጭ አለ። አንዱ ፊት ለብዙ ቀን እያለፍኩ ምንም አልታየኝም። አንድ ቀን ብረት አስደግፌ ዞር ስል የቅጠል ጅማት መሰለኝ፤ ቀረብ ስል ካርቲየ ሰባት ሆነ። ያ ቀጭን መስመር እኔ ከባቡር ስወርድ መጀመሪያ ያደርኩበት ቅያስ ነው። «ነጂማ፣ ይሄ ሰፈራችን አይደለም እንዴ?» ስላት ብሩሿን ጥላ መጥታ ጉንጬን ሳመችኝ። በሳምንቱ ቪት-ቪትን ተሰናበትኩ። «እብድ» አለኝ። ሌላ ቃል ማወቁ ደስ አለኝ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ፤ እስካሁን የዞርኩት ስለማፍርበት ነው።

ባሕሩ ዳር የሚሠራ አዲስ ሕንፃ ግቢ ውስጥ የሚቆም ሐውልት እንድትሠራ ነጂማን ጠየቋት። የመጀመሪያዋ ትልቅ ሥራ ነው። ሐጂ ያህያ ደግሞ አስቀድመው ቃል አስገብተዋታል። ጉልበታቸው አልታዘዝ ብሏል፣ ወንዶቹ ልጆች ውጭ ናቸው፣ ሱቁን የሚይዝ የለም። «ሁለት ዓመት ታግሼሻለሁ» ብለዋታል። «ይሄንን ሠርተሽ አሳዪኝ። ሳየው ምንም ካልገባኝ ግን የመጋዘኑን ቁልፍ መልሰሽ ሱቅ ትቀመጫለሽ።» እሷም እሺ ብላለች። አባቷን ትወዳቸዋለች፤ ቃሏም ቃል ነው። ስለዚህ ሐውልቱ ካልተሳካ ነጂማ ቀሪ ዕድሜዋን ጨርቅ ስትለካ መኖሯ ነው። ይህን ሁሉ እኔም አውቃለሁ።

ሐውልቱ ያ ወረቀት ላይ ያየሁት ዛፍ ነው፤ ከፌሮ የተሠራ፣ አርባ አንድ ቅርንጫፍ ያለው። ፌሮውን የምታጥፈው ራሷ ናት፤ ቱቦ እያለበሰች፣ ምሰሶ ላይ እያስደገፈች፣ በገዛ ክንዷ። አንዳንዱንም ራሷ ትበይደዋለች፤ ብየዳዋ ደግሞ እንደ ገብስ ቆሎ ጉብ ጉብ ያለ ነው። እኔ እያየሁ ጥርሴን እነክስ ነበር። ለመክፈቻው ከሦስት ሳምንት በታች ሲቀር ድሬዳዋ አክስቷ አረፉና ለለቅሶ ሄደች። ስትሄድ «ግንዱን ከመቆሚያው ጋር አያይዝልኝ፤ ሌላው አልቋል» አለችኝ።

አልቋል! ያለቀ ነገር እንዲህ ነው? ብቻዬን ስቀር ዞር ዞር ብዬ አየሁት። አንዱ ቅርንጫፍ ሦስት ቦታ ተጣሟል፣ ሌላው ሽቅብ ሄዶ ያለምክንያት ቁልቁል ይመለሳል። ምስኪን፣ ክንዷ አልችል ብሏት ነው፣ ለኔ መናገር አፍራ ነው አልኩ። ለአባቷ የምታሳየው ይህንን ነው? ሆዴ ራራ። ግንዱን በአንድ ሰዓት አያያዝኩና ስጦታ ልስጣት ብዬ እጅጌዬን ሰበሰብኩ።

አራት ቀን ፈጀብኝ። ቅርንጫፎቹን በእሳት እያጋልኩ፣ እየቀጠቀጥኩ፣ ውኃ ውስጥ እየነከርኩ አንድ በአንድ አቃናኋቸው። ውኃ ልክ አስቀመጥኩባቸው። ያንን የገብስ ቆሎ ሁሉ በግራይንደር በልቼ አለሰለስኩት። ሲያበቃ፣ አላህ ይቅር ይበለኝ፣ ሲልቨር ቀለም ቀባሁት። የድሮ ጓደኞቼ መጥተው «ማሻአላህ፣ የቪላ አጥር ይመስላል» አሉኝ። እኔም ምስጋና መስሎኝ ደረቴን ነፋሁ።

ነጂማ ማክሰኞ ጠዋት ቦርሳዋን እንኳ ሳታወርድ ገባች። በሩ ላይ ቆመች።

«ማነው የነካው?»

«እኔ ነኝ፤ አትጨነቂ፣ ስጦታ ነው።»

አንድ ጊዜ ዞረችው። የተላገውን መገጣጠሚያ በመዳፏ ዳሰሰችና መሬት ላይ ቁጭ አለች።

«ኡስማን፣ ይቺ ቅርንጫፍ እዚህ ጋ ትታጠፍ ነበር።»

«ጠማማ ነበረች፣ አቃናኋት።»

«ከቤታችን ወደ መስጊዱ የሚወስደው ቅያስ ነበረች። ይቺ ደግሞ በራችን ላይ ያለው የኒም ዛፍ ቅርንጫፍ ናት፤ የጎረቤት ቆርቆሮ ሲገፋት ዞራ የወጣችው። ስድስት ወር ነው የሣልኳት።»

«ብየዳውስ? ያበጠ ቁስል ይመስል ነበር እኮ።»

«ሰፈር ከሰፈር የሚገጥምበት ነው። የኛ ከተማ መገጣጠሚያው ይታያል ኡስማን፤ አይደበቅም።»

ማፈር ሲገባኝ ተቆጣሁ። «እኔ አርባ ቶን የሚሸከም ተሳቢ የበየድኩ ሰው ነኝ፤ ጠማማ ሥራ በስሜ አይወጣም» አልኳት።

«በስምህ አይደለማ» አለች ቀስ ብላ። «በስሜ ነው።»

በሩን ወርውሬ ወጣሁ። ቤት ደርሼ ለዘሃራ ብሶቴን ዘረገፍኩላት፤ ታፅናናኛለች ብዬ። ሰምታ ሰምታ፣ የተሰበረ አፍንጫዬን በጣቷ ያዘችና «ይሄን ላቃናልሽ ብሎ አንዱ በመዶሻ ቢመጣ እሺ የምል ይመስልሃል? እኔ የለመድኩት ይሄንኑ ነው» አለችኝ። ሳቀች፤ እኔ ግን ሳቅ አልመጣልኝም። አው ዩሱፍና ብርጭቋቸው ትዝ አሉኝ። ሽማግሌው ሻይ አልነበረም የሚወዱት። እኔ አራት ቀን ሙሉ ስቀጠቅጥ አንዲት ብርጭቆ ሻይ የሚያህል ጊዜ ተቀምጬ አላየሁላትም። ያን ቀን አለቀስኩ። ሃምሳ ዓመት አልፎኝ፣ በገዛ ሙያዬ የሰው ሥራ አጥፍቼ አለቀስኩ።

በማግስቱ ማለዳ አንድ ጥቅል ለስላሳ ሽቦና መሰላል ተሸክሜ ካርቲየ ሰባት፣ ቤቷ በር ላይ ተገኘሁ። «አጥፍቻለሁ፤ ይቅር በዪኝ» አልኳት። ዓይኗ አብጧል። ሌሊቱን አልተኛችም።

«ይቅርታህን በኋላ እቀበላለሁ፤ አሁን የምፈልገው እጅህን ነው» አለች። «አሥራ አንድ ቀን ነው የቀረን።»

የቀናውን መልሰን ለማጣመም ሞከርን። እሳት በልቶ ውኃ የጠጣ ፌሮ ግን እንደ ድሮው አይታዘዝም፤ ሦስቱ ተሰነጠቁ። ተውነው። አዲስ ፌሮ አመጣን። መዶሻ ከማንሳቴ በፊት ከመንገድ ሻይ ገዛሁና ኒሙ ፊት በርጩማ ላይ ተቀመጥኩ። ጫት የምትሸጠው ጎረቤት «ኡስማን፣ ዛፉ ታመመ እንዴ?» አለችኝ። «እኔ ነኝ የታመምኩት» አልኳት። ሻዩን ስጨርስ ዛፉ ሌላ ሆነ። ቅርንጫፉ ሁሉ የተጠማዘዘው በምክንያት ነው፤ እዚህ ጋ ግድግዳ፣ እዚህ ጋ የመብራት ሽቦ፣ እዚህ ጋ ትንሽ ብርሃን ፍለጋ። ነጂማ ይህን ነበር የጻፈችው።

መሰላል ላይ ወጥቼ ቅርንጫፎቹን በሽቦ ቀዳሁ። ከዚያ ሽቦ ይዘን በየቅያሱ ሄድን፤ መንገዱ በታጠፈ ቁጥር ሽቦውን እናጥፋለን። ሰፈሩ ሁሉ አማካሪ ሆነ፤ «ይሄኛውን ረሳችሁት፣ በዚህ ይወጣል እኮ» ይሉናል፣ አንዱ በሶማሌኛ፣ አንዱ በአረብኛ። መጋዘን ስንመለስ ሽቦውን መሬት ላይ አስቀምጠን ፌሮውን በብርድ፣ ያለ እሳት፣ በቱቦ እናጥፈዋለን። ብረቱን ግን በባልዲ ማጠብ አልተውኩም፤ ጨው ሥነ ጥበብ አያውቅም። ከሁሉ የከበደኝ ብየዳውን እንዳለ መተው ነው። እጄ ሳላዝዘው ወደ ግራይንደሩ ይሄዳል። ነጂማ በሁለተኛው ቀን ግራይንደሩን ወስዳ እናቷ ዘንድ ደበቀችው።

አርባ አንዱ ሃያ ዘጠኝ ሆነ፤ ቁመቱም ካሰበችው አንድ ሜትር አነሰ። ልዋሽ አልፈልግም፣ የመጀመሪያው ይበልጥ ነበር። ይህን አፍ አውጥተን ተነጋግረን አናውቅም፤ ሁለታችንም እናውቀዋለን። የተላገው የሲልቨር ፌሮ ዛሬ የዘሃራ ልብስ ማስጫ ነው።

የመክፈቻው ቀን ከዓስር ሶላት በኋላ ሐጂ ያህያ በከዘራ እየተደገፉ መጡ። ሹማምንቱ በፈረንሳይኛ ንግግር ያደርጋሉ፤ እሳቸው ወደ ንግግሩ ጆሯቸውን አልሰጡም። በቀጥታ ወደ ሐውልቱ ሄዱ። ነጂማ ከኋላቸው ቆማ የነጠላዋን ጫፍ በጣቷ ትጠመዝዛለች። ሁለት ጊዜ ዞሩት።

«ይሄ ምንድነው?» አሉኝ።

«ሐጂ፣ እሷን ይጠይቋት።»

«አንተን ነው የጠየቅኩህ። ብረቱን አብረህ የያዝክ አንተ ነህ።»

«ቅርንጫፍ ነው» አልኩ።

«ዋሸህ» አሉኝ። ጣታቸውን ብረቱ ላይ አሳረፉና ቀስ ብለው መስመሩን ተከተሉ። «ይሄ የዳቦ ቤቱ መታጠፊያ ነው። ይሄ መስጊዱ ነው። እዚህ ጋ ዝናብ ሲዘንብ ውኃ ይቆማል፤ በዚህ ነበር የምንዞረው።» ጣታቸው አንድ ጉብ ያለ ብየዳ ላይ ቆመ። «ይሄ ሱቃችን ነው።»

«ነው አባዬ» አለች ነጂማ።

ጣታቸውን ከዚያ አላነሱትም። አንድ የሰፈር ሽማግሌ ሲያልፉ ጠርተው «ና፣ ቤትህን ላሳይህ» አሏቸውና ሁለቱ ሽማግሎች ቅርንጫፍ ለቅርንጫፍ እየተከራከሩ ሰዓቱ ሄደ። የመግሪብ አዛን ሲሰማ ሐጂ ከዘራቸውን አንስተው ወደ በሩ አመሩ። ነጂማ ልትሸኛቸው ተከተለች፤ እኔም አልቻልኩም፣ ተከተልኩ። በሩ ላይ ሲደርሱ ዞር አሉ።

«ነገ ሱቅ እንዳትመጪ» አሏት።

ፊቷ ጠወለገ። «ለምን አባዬ?»

«ሥራ አለሽ።»

ያን ሁሉ ሳጠፋባት ፊቴ ያላለቀሰች ልጅ እዚያው መንገድ ላይ ፊቷን በሁለት እጇ ይዛ አለቀሰች። ሐጂ ጠብቀዋት፣ ራሷን ዳብሰው፣ ወደ መስጊዱ ሄዱ። ከዚያ ቀን በኋላ አሥራ ሁለት ዓመት አብረን ሠራን።